የጋሽ አምባዬ ክሩስኮት

ጎረቤቴ ጋሽ አምባዬ ሁለት በር ያላት ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለቻቸው። ቀይ የምላት እሳቸው ቀይ ስለሚሏት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀለም አያታልለኝም። ዛሬ መልኳ ሃምሳ ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተረሳ የአልጋ ልብስ ነው። ይህንን ግን ፊት ለፊታቸው ተናግሬው አላውቅም። ጎረቤትነታችንን እወደዋለሁ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ሃያ ሦስት ዓመት ሆነን። ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ሦስት ጊዜ ታስላለች፤ በሦስተኛው የኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል። መስኮቴ ካልተንቀጠቀጠ ወይ ጋሽ አምባዬን አሟቸዋል ወይ መኪናዋን አሟታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሄጄ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ናት።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡና በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። እዚያ እንደሳቸው በመኪና የተለከፉ አራት አምስት ሰዎች ይጠብቋቸዋል። ሜዳው ላይ መኪኖቻቸውን ይደረድሩና ኮፈን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ምኑን እንደሚያዩት አላህ ይወቅ፤ ያው ሞተር ነው፣ ያለፈው እሁድም እዚያው ነበር። «የኮፈን ማኅበር» ብዬ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። አልተቀየሙም። እንዲያውም አንደኛው ማኅተም እናስቀርጽ ብሎ ነበር አሉ።

የመኪናዋ ነፍስ ያለው ግን ኮፈኑ ሥር ሳይሆን ክሩስኮቷ ላይ ነው፤ ከመሪው ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ማለቴ ነው። ሦስት ክብ ሰዓቶች አሉበት። ሰዓት ይበሏቸው እንጂ ሰዓት አይቆጥሩም። ትልቁ ፍጥነት ነው፣ መካከለኛው የሞተር ዙር፣ ትንሹ ነዳጅ። ሰሌዳው እንጨት ነው፤ ጋሽ አምባዬ በየወሩ በዘይት ያሹታል። የነዳጇ መርፌ ሐረጎን ሲወርዱ ሩብ ትጨምራለች፣ ሲወጡ ሩብ ትቀንሳለች።

«ትዋሻለቻ!» ብያቸው ነበር አንድ ቀን።

«አትዋሽም፣ ታጋንናለች» አሉኝ። «የምታጋንነውን ልክ ካወቅሽላት ሐቀኛ ናት። እንዳንቺው።»

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ትልቋ መርፌ ተኛች። ከጀርባዋ ያለው ገመድ ተበጥሶ ኖሯል። መኪናዋ እየበረረች መርፌዋ ዜሮ ላይ ትተኛለች። የዓመቱ ምርመራ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የፍጥነት መርፌዋ የማትሠራ መኪና ደግሞ አታልፍም። ገመዱ ደሴ ተፈለገ፣ ጠፋ። ኮምቦልቻ ተፈለገ፣ ጠፋ። አዲስ አበባ ተደወለ፤ «የየት አገር መኪና ነው ያሉኝ?» ብሎ የሳቀባቸው ሰው አለ።

ያኔ ነው ሀይደር ካርቶን ይዞ የመጣው።

ሀይደር ኮምቦልቻ መለዋወጫ ይሸጣል፤ የኮፈን ማኅበሩም አባል ነው። እሱም ሁለት በር ያላት ቢጫ ስፖርት መኪና ነበረችው። አምና ሸጣትና ከሦስት ወር በፊት ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስክሪን ሆነ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ቀሚስ ስዘመዝም ነው ካርቶኑን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ የፈታው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሦስቱንም ይተካልዎታል። ፍጥነት አለው፣ ዙር አለው፣ ነዳጅ አለው። ከፈለጉ ዘፈንም ይዘፍናል።»

«ዘፈን አልጠየቅሁህም።»

«ዘፈኑ ይቅር። ክሩስኮቷን ብቻ ትንሽ እንቆርጣለን።»

«ትንሽ ምን ያህል ነው?»

ሀይደር በሁለት እጁ አሳየ። የሠርግ ትሪ ያህላል።

ጋሽ አምባዬ የመኪናዋን በር ዘጉ፤ ልጅ እንዳይሰማ በር እንደሚዘጋ ሰው።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ሀይደር ስክሪን አይዋሽም አለ፤ ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል፣ እንደ መርፌ መገመት የለበትም አለ። ጋሽ አምባዬ የማይዋሽ ነገር እስካሁን አላየሁም አሉ። ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ እኔ ቀሚሱን ጨረስኩ። በመጨረሻ ሀይደር እንዲህ አለ፦ «እሁድ በኔ መኪና እንሂድ። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደጋን፣ ከደጋን ተመልሰን ደሴ። ስክሪኔ ከዋሸ ካርቶኑን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። እውነት ከተናገረ ግን ክሩስኮቷን እቆርጣለሁ።»

«ተስማምቻለሁ። ራቢያ ትዳኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ?» አልኩ። «መንዳት አልችል፣ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው።»

«ለዚህ ነው የመረጥንሽ» አለ ሀይደር። «የተማረ ሰው ወገን ይይዛል።»

ሀይደር ቅዳሜ ደሴ ዘመድ ቤት አድሮ እሁድ ረፋዱ ላይ መጣ። መኪናው ነጭ ናት፤ እንደ ሳሙና የምታሟልጭ፣ የሚያዝ ጠርዝ የላትም። ጋሽ አምባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ሀይደር ቢስሚላህ አለ፣ ጋሽ አምባዬ አማተቡ። መቼ ነው የሚያስነሳት ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ፒያሳን አልፈናል። ድምፅ የላትም!

እዚህ ላይ ስለ ስክሪኑ ልንገራችሁ፤ በኋላ ያስፈልጋል። መካከል ላይ የቁም ሳጥን መስታወት የሚያህል አለ፤ እሱ ካርታና ዘፈን ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከመሪው ጀርባ ባለችው መዳፍ በምታህለዋ ላይ ነው። ፍጥነቱ፣ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ጎን ለተቀመጠ ሰው መሪው ይጋርደዋል። ከኋላ መሐል ለተቀመጠ ሰው ግን በሾፌሩ ትከሻ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ደግሞ ሩቅ ላለ ነገር ዓይኔ ጭልፊት ነው። የሚያስቸግረኝ ቅርቡ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ቢያቅተኝ ከሦስት ዓመት በፊት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ታየሁና፣ ይሄን አንገቴ ላይ በክር የማንጠለጥለውን ሐምራዊ መነጽር ገዛሁ።

ሐረጎን ስንወርድ ሀይደር በደስታ መሪውን መታው። «ጋሼ! ስንነሳ ባትሪው ሃያ አንድ ነበር፣ አሁን ሃያ ሰባት ሆነ! ቁልቁል ስትወርድ ራሷን ትሞላለች!»

«ስትሄድ ነዳጅ የሚጨምርላት?»

«አዎ!»

ጋሽ አምባዬ መንገዱን አዩ። «ይሄስ ጥሩ ነገር ነው» አሉ በቀስታ። እሳቸው ጥሩ ነገር ነው ሲሉ ሌላው ሰው ዘፍኖ እንደመጨፈሩ ነው።

ከኮምቦልቻ አልፈን ሜዳው ላይ ሀይደር አንዴ ረገጣት። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ ሻሼ ወደ ኋላ ሸሸ። ያ ረቢ! ብዬ ጮህኩ። ጋሽ አምባዬ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ሳቁ። ስድሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «ግን አትናገርም» አሉ። «የኔዋ መሮጥ ስትፈልግ ትነግረኛለች፤ ሲደክማትም ትነግረኛለች። ይቺ ዱዳ ናት።»

ደጋን ቆመን ሻይ ጠጣን። ሀይደር ብርጭቆውን እያዞረ ያልጠበቅሁትን ተናገረ።

«እውነት ልንገርዎት ጋሼ? ቢጫዋ ስትፈጥን መርፌዋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሰማንያን ስታልፍ እንደ ፈራ ሰው። እኔም አብሬያት እፈራ ነበር። ይቺ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት ብላ ትቆጥርልኛለች። ልክ ነው፣ አትሳሳትም። ግን አልፈራም። ሳልፈራ ደግሞ የነዳሁ አይመስለኝም።»

«እና ምን አስሸጠህ?»

«በወር ሁለቴ ጋራዥ ነበርኩኛ! ካንዴላ ስቀይር፣ ካርቡራቶር ሳጥብ። ሚስቴ ዘይት ዘይት ትሸታለህ ብላ...» ወደ እኔ አየና ተወው።

ስንመለስ ጋሽ አምባዬ መሪውን ያዙ፤ «ራስዎ ነድተው ራስዎ ያንብቡ» ብሎ ሀይደር ነው ቁልፉን የሰጣቸው። ቁልፍ እንኳን አይደለም፤ ካርድ ነው። ኮምቦልቻ ስንገባ ስክሪኗ አርባ አራት ኪሎ ሜትር ይቀራል ትላለች። ይቺን ሀይደር ራሱ አንገቱን ሰግጎ አያት። ቤቱ ሰፈር ጋ ስንደርስ ግን ትንሽ ወላወለ።

«ገብተን ጥቂት እንሰካት ይሆን? ዳገት ነው።»

«ስክሪንህ እውነት የሚናገር ከሆነ ምን አስጨነቀህ?» አሉ ጋሽ አምባዬ።

ነካው። «ምንም አላስጨነቀኝም! ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ አርባ አራት አለን። ግን እንስማማ፤ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ከሠላሳ አምስት በታች ካለ ዞረን ቤቴ እንገባለን። በላይ ካለ እንወጣለን።»

«ይሁን።»

ዳገቱ ሥር ደረስን።

«ስንት ይላል፣ ጋሼ?»

ጋሽ አምባዬ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ፣ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሠላሳ ስምንት።»

እኔ በትከሻቸው ላይ ያየሁት ሠላሳ ሦስት ነው።

ያንን የአንገት መሳብ አውቀዋለሁ። ቦሩ ሜዳ ከመሄዴ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ክርና መርፌ ይዤ እንደዚያ ስስብ ኖሬያለሁ። ለሰው ሁሉ «ክሩ ነው መጥፎ» እል ነበር።

ምን ልበል? በሃያ ሦስት ዓመት ጎረቤትነት ተሳስተዋል ብያቸው አላውቅም፤ ያውም ሀይደር ፊት፣ ያውም መሪ ይዘው። ደግሞ ሦስት ከስምንት ምን ያህል ይርቃል፣ አምስት ነው አልኩ በልቤ። ወጣን።

ዳገቱ ግን ቁጥሩን እንደ በቆሎ እሸት ፈለፈለው። ጠመዝማዛ ባለፍን ቁጥር ሁለት ይወድቃል፣ ሦስት ይወድቃል። ግማሽ ላይ ሀይደር እንደገና ጠየቀ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«አሥራ ስምንት» አሉ ጋሽ አምባዬ።

አሥራ ሦስት ነበር። አሁንም ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ዝምታ ሁለተኛውን አስገደደኝ፤ አሁን ብናገር ቅድም ለምን ዝም አልሽ እባላለሁ።

ደሴ ልትታየን ጥቂት ጠመዝማዛ ሲቀረን መኪናዋ ቀስ አለች። ጋሽ አምባዬ እግራቸውን ቢጫኑም አልሰማቻቸውም። ስክሪኗ ላይ አንድ ቢጫ ሥዕል ብቅ አለ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ኤሊ ናት» አልኩ ከኋላ። ኤሊዋን መናገር ነውር የለውም።

ሀይደር ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ኤሊ መጣች? ባትሪው ሞተ ማለት ነው! ዳር ያዙ ጋሼ፣ ዳር ያዙ!»

ዳር ይዘን ቆምን። አንድ ዝንጀሮ ከድንጋይ ላይ ሆኖ አየን፤ ፍርድ የሚሰጥ ይመስላል፣ ዳኛዋ እኔ ሆኜ ሳለ።

ሀይደር ወርዶ መኪናዋን ዞራት። የተቆጣ አልመሰለኝም፤ ያዘነ ነው የመሰለኝ። «አሥራ ስምንት ብላ አምስት ኪሎ ሜትር አልሄደችም። ሦስት ወር ለሰው ሁሉ አትዋሽም ስል የኖርኩትን! እሸጣታለሁ። ወላሂ፣ ነገ አወጣታለሁ።» ስልኩ ኔትወርክ ስላልያዘለት ሰው ሊጠራ ወደ ላይኛው ኩርባ ወጣ።

ጋሽ አምባዬ መሪውን እንደያዙ ፈገግ አሉ። «አሸነፍኩ አይደል? ክሩስኮቴ ተረፈች።»

አንገቴ ላይ ያለውን መነጽር አወለቅሁ።

«ጋሽ አምባዬ፣ ባትሪው ከመቶ ስንት ይላል?»

ያንን አንገት ሳብ አደረጉ። «ስምንት።»

«እስቲ ይቺን አድርገው ይዩት።»

«የሴት መነጽር?»

«ዝንጀሮው አይናገርብዎትም።»

አደረጉት። ሐምራዊው ፍሬም አፍንጫቸው ላይ ሲቀመጥ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ስክሪኗን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ እንደገና አዩ።

«ሦስት ነው» አሉ።

«ሦስት ነው። ዳገቱ ሥርም ሠላሳ ሦስት ነበር። አሥራ ስምንት ያሉትም አሥራ ሦስት።»

አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈን በዓይናቸው ሸኙት።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «መርፌ ቁጥር አያስፈልገውም፣ ራቢያ። ወደ ግራ ከተኛች ቀርፋፋ ነኝ። ቀጥ ካለች ስልሳ ነው። ወደ ቀኝ ካጋደለች እግሬን አነሳለሁ። ጭጋግ ውስጥም ብሆን አያታለሁ። ይሄ ቁጥር ግን...» እጃቸውን ከመሪው አነሱ። «መንጃ ፈቃዴ ሊታደስ አራት ወር ነው የቀረው። ዓይን ያያሉ። አይችሉም ብለው ቢነጥቁኝ እሁዴን ምን አደርገዋለሁ? ቤት ቁጭ ብዬ የስፌት መኪናሽን ድምፅ ላዳምጥ?»

«ድምፅዋ ምን ሆነ? የርስዎን መኪና ሳል እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አላዳመጥኩም?» አልኩ። «መነጽር ያደረገ አይነዳም ያለዎት ማነው? እኔ ክሩን ስረግም ሁለት ዓመት አባከንኩ። አንድ ቀን ቦሩ ሜዳ መሄድ ነበር የቀረኝ። እርስዎም ያው ነዎት።»

ቀና ብለው ወደ ኩርባው አዩ። ሀይደር ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይዞራል።

«ብነግረው ክሩስኮቷን ይቆርጣታል። ውላችን ነው፤ ስክሪኑ አልዋሸም።»

«ካልነገሩት መኪናውን ይሸጣል።»

«ይሸጣታል?»

«በወላሂ ነው የተናገረው። ሀይደርን ያውቁት የለ?»

መነጽሩን ሳያወልቁ ወረዱ። ያ ነው የገረመኝ። ጠርተውት ሲመጣ ሐምራዊውን ፍሬም አይቶ ቆመ።

«ሀይደር፣ መኪናህ አልዋሸችም» አሉት። «ሠላሳ ሦስት ብላኛለች፣ እኔ ሠላሳ ስምንት አልኩህ። ዓይኔ ነው። ካርቶንህን አምጣ።»

ሀይደር እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ።

«ራቢያ፣ አንቺ አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ሁለቴም?»

«ሁለቴም።»

«እና ዝም አልሽ? ዳገት መሐል እስክንቀር?»

«ምን ልበል ታዲያ? ጋሽ አምባዬን ተሳስተዋል ልበላቸው?»

ሳቅ አፈነው። «ወላሂ፣ እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።»

«ከእንግዲህ ስሳሳት ንገሪኝ» አሉኝ ጋሽ አምባዬ። ሳቅ የለበትም። «አደራ።»

«እነግርዎታለሁ» አልኩ። ቀላል መስሎኝ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እንዴት እንሄዳለን ነው። ሀይደር ጎታች መኪና አስፈልጎ ማጣቱን ሲነግረን እኔ ጠዋት ያየሁት ትዝ አለኝ።

«ቁልቁል ስንወርድ ጨምራ አልነበር እንዴ? ለምን አናዞራትም?»

ሁለቱ የመኪና ሊቆች ተያዩ። መኪና መንዳት የማትችል ሴት ናት የተናገረችው። «ይሄንን ለኮፈን ማኅበሩ እንዳትነግሪ» አለ ሀይደር።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገፉልን። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁል ዞረ። ሀይደር መሪውን ሊይዝ ሲል ጋሽ አምባዬ ቀድመው ገብተው ቁጭ ብለዋል።

«መነጽሩን እንዳያወልቁ ብቻ» አለና ጎናቸው ገባ።

ቀስ ብለን ወረድን። መንገዱ ፀጥ ያለ ነበር፤ ጎማው ብቻ ይሰማል። ኤሊዋ ጠፋች። ጋሽ አምባዬ በየኩርባው አንዴ ቁልቁል አየት እያደረጉ ሳይጠየቁ ያነባሉ።

«አራት።» ሁለት ኩርባ። «አምስት።» የባሕር ዛፉን አለፍን። «ስድስት... ሰባት።» ሜዳው መታየት ሲጀምር ፍሬን ያዝ አደረጉ፣ መነጽሩን ከፍ አድርገው ያለ መነጽር አዩት፣ መልሰው አወረዱት።

«ስምንት» አሉ። «እውነተኛው ስምንት ይሄ ነው።»

ሀይደር ቤት ገብተን መኪናዋን ሰካናት። ባለቤቱ ምሳ እስክታቀርብ እሱ ግቢው ውስጥ ወዳለው መጋዘን ገባ፤ ቆየ። ሲመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጋሽ አምባዬ ፊት አስቀመጠውና ፈታው። ትልቅ ክብ የፍጥነት ሰዓት ነው። መርፌው ብርቱካናማ፣ ከጀርባው ረጅም ገመድ የተንጠለጠለ።

«የቢጫዋ ነው» አለ። «ከኔ የገዛት ሰው ስክሪን ሊገጥምባት ነቅሎ ሲጥለው ለምኜ ወሰድኩት። ገመዱ ጤነኛ ነው። ጫፉን ትንሽ ቢሞርዱት ለርስዎ ይሆናል።»

ጋሽ አምባዬ ገመዱን በጣታቸው አሹት። «እስካሁን የት ነበር?»

ሀይደር አቀረቀረ። «እዚሁ። ሲፈልጉ እያየሁ ዝም አልኩ። ሰስቼ ነው ጋሼ። አንዳንድ ቀን ሱቅ ስዘጋ ገመዱን በእጄ እያሽከረከርኩ መርፌውን አስነሳዋለሁ። ይሄን ከምሰጥዎት አዲስ ስክሪን ብገዛልዎት ቀለለኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እርስዎ መነጽር ካደረጉ እኔ ምን ልሰስት?»

ወደ እኔ ዞሩ፤ ዳኛ ነኝና። ስክሪኗ ኮምቦልቻ ላይ አርባ አራት ብላ ሃያ አምስት አላደረሰችንም፤ ዳገቱን አልቆጠረችውም። ጋሽ አምባዬም ሦስትን ስምንት ብለዋል፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ሀይደርም ገመድ ደብቋል። ንጹሕ የነበረው ዝንጀሮው ብቻ ነው። «ማንም አልረታም» ብዬ ፈረድኩ። «ገመዱ ይገጠም፣ ሰዓቱ ለሀይደር ይቅር፣ ካርቶኑ ወደ ሱቅ ይመለስ። አቶ አምባዬ ደግሞ ማክሰኞ ቦሩ ሜዳ ይቅረቡ።»

ማክሰኞ በሚኒባስ ሄድን። ጋሽ አምባዬ መንገዱን ሙሉ ሾፌሩን በማርሽ አጠቃቀሙ ሲያሙት ደረስን። ዓይናቸው ከመነጽር ሌላ ምንም አያስፈልገውም ተባለ። ገመዱን ራሳቸው ሞርደው ገጠሙት፤ ምርመራውን መኪናዋ አለፈች። መርፌዋ ግን የሀይደርን ገመድ ከለበሰች ወዲህ ስልሳን ስታልፍ ትንቀጠቀጣለች። ሀይደር እሁድ እሁድ ጎናቸው ገብቶ እሷን ብቻ ሲያይ ይሄዳል አሉ።

የራሳቸውን መነጽር ካደረጉ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ድምፃቸውን ሰማሁ። ከመኪናዋ ኮፈን አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ ቀለሟን በጣታቸው እየነኩ ነበር። ጥግ ጥጉን፣ በሩን፣ ጣሪያውን ጠጋ እያሉ አዩት።

«ራቢያ።»

«አቤት።»

«ይቺ መኪና ቀይ ናት?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። ቀይ ናት፣ አብሽሩ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አደራው ትዝ አለኝ። የአልጋ ልብሱን ነገር ከነእጥበቱ ቁጥር ነገርኳቸው።

ረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ጣሪያዋን ሁለቴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ በሩን ከፍተው ገቡ። መኪናዋ አሳለች፤ ደግማ አሳለች። በሦስተኛው መስኮቴ ተንቀጠቀጠ።